ምደባችሁ ጎንደር ለወጣ ልጆቼ

ውድ ልጆቼ፣

ምደባ ወጥቶ ስማችሁ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጋር ሲታይ ቤት ውስጥ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። እናት በሶና ቆሎ ታዘጋጃለች፣ አባት የመሳፈሪያውን ያሰላል፣ ቀድሞ የገባ የሰፈር ልጅ ስለ ዶርምና ስለ ፈተና ያወራል። ስለ ከተማው የሚነገራችሁ ግን ከፋሲል ግንብና ከጥምቀት ብዙም አያልፍም። እኔ መጻፍ የፈለግሁት ስለ ሰፈሩ ነው፤ ስለምትበሉበት፣ ስለምትታመሙበት፣ ልብሳችሁን ስለምታሰፉበት፣ ስታዝኑ ወጣ ብላችሁ ስለምትቀመጡበት ሰፈር። የምለምናችሁም አንድ ነገር ነው፤ ትምህርት ሳይጀመር ሰፈሩን በእግራችሁ እወቁት።

ጎንደር ዘመድ ያላችሁ ከጥሪው ቀን ጥቂት ቀደም ብላችሁ ግቡ። ዘመድ የሌላችሁ ደግሞ ለሆቴል ብላችሁ የእናታችሁን ገንዘብ አትጨርሱ። ከምዝገባ በኋላ ክላስ እስኪጀመር ክፍት የሚሆኑ ቀናት አይጠፉም። አብዛኛው ተማሪ እነዚህን ቀናት ዶርም ተኝቶ ስልክ እየነካካ ነው የሚያሳልፋቸው። ለዚህ ሥራ ግን ከእነሱ የተሻለ ጊዜ አታገኙም።

ይህን የምለው ሙያዬ ስላስተማረኝ ነው። የማኅበረሰብ ጤና ነርስ ነኝ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የተማርኩትም እዚሁ ጎንደር፣ በ1960ዎቹ ነው። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የምትሉት ተቋም በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ነበር። የተከፈተውም በጎንደር አቅራቢያ ባለው ደንቢያ ላይ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ ብዙም ሳይቆይ ነው። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው አንድ ላይ ይሠለጥኑና አንድ ላይ ገጠር ጤና ጣቢያ ይወጡ ነበር። እዚያ ስንደርስ ታካሚ ከመቀበላችን በፊት መንደሩን መዞር ነበረብን። ውኃው ከየት ይቀዳል? ቆሻሻው የት ይጣላል? ሰው የሚሰበሰበው የት ነው? ሲቸግረው ቀድሞ የሚሄደው ማን ጋ ነው? ያየነውን በወረቀት ላይ ሥለን እናመጣለን። ኋላ በሥራ ዘመኔ ወደ ብዙ ቦታ ተዘዋውሬያለሁ፤ አዲስ ሰፈር በገባሁ ቁጥር መጀመሪያ የማነሣው እነዚያኑ ጥያቄዎች ነበር። ለእናንተም ይሠራሉ።

በቅድሚያ የትኛው ግቢ እንደተመደባችሁ በትክክል እወቁ። ማራኪ፣ አፄ ቴዎድሮስ፣ አፄ ፋሲል፣ የሕክምናው ግቢ፣ ጠዳ፤ ሁሉም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ግን አንድ ቦታ አይደሉም። መናኸሪያ ወርዶ፣ ወይም ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥቶ፣ ባለ ባጃጁን «ዩኒቨርሲቲ አድርሰኝ» ብቻ የሚል ልጅ ከነሻንጣው ሲንከራተት ይውላል። የግቢውን ስም ጥሩ፤ ከመሳፈራችሁ በፊትም ዋጋ ተነጋገሩ።

ከዚያ የከተማውን አቀማመጥ ያዙ። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ሲቆረቁሯት የመረጡት ቦታ በሁለት ወንዞች መካከል ያለ ኮረብታ ነው፤ በምሥራቅ አንገረብ፣ በምዕራብ ቀሃ። ግንቡ ከፍታው ላይ ነው፣ ፒያሳ ከሥሩ። መንገድ ሲጠፋባችሁ ወደ ግንቡ ከወጣችሁ መሐል ከተማ ትደርሳላችሁ። አንድ ቀን ጠዋት የፋሲል ግቢን ቅጥር ከውጭ ዙሩት። 900 ሜትር ያህል ነው፤ ለእግር ምንም አይደለም። ወደ ውስጥ ለመግባት ትኬት ያስፈልጋል፤ ዙሪያውን ግን ማንም አያስከፍላችሁም። ግምጃ ቤት ማርያምን፣ አጣጣሚ ሚካኤልን፣ የጃንተከልን ዋርካ፣ ጣሊያን በአምስቱ ዓመት የሠራቸውን የፒያሳ ሕንፃዎች በዚያው ታዩአቸዋላችሁ።

ጎንደር ውስጥ አድራሻ የሚነገረው በታቦት፣ በሰፈር ስምና በድሮው የቀበሌ ቁጥር ነው። ክፍለ ከተማው ስንቴ ቢሸነሸን ሰው ከአፉ የሚያወጣው ያንኑ ነው። «ከበአታ ዝቅ ብሎ»፣ «ከቅዳሜ ገበያ ወዲህ»፣ «ማራኪ ሳትደርሺ» ሲሏችሁ የሚገባችሁ ቦታዎቹን በእግራችሁ ከረገጣችኋቸው ነው። ስልክ ላይ ያለው ካርታ ዋናውን መንገድ ያሳያችኋል፤ አቋራጩን፣ ዝናብ ሲመታ የሚያዳልጠውን ቁልቁለት፣ ማታ ውሻ የሚበዛበትን ጠርዝ ግን አያውቅም።

ስለ ውኃ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። በሥራ ዘመኔ ካየኋቸው የተማሪ በሽታዎች ብዙዎቹ መነሻቸው ይኸው ስለሆነ። የጎንደር ውኃ የቆየ ችግር ነው። ከተማው ሰፍቷል፣ ሰዉ በዝቷል፤ ለዓመታት የተደገፈበት የአንገረብ ግድብ ደግሞ በደለል ተቸግሯል። ስለዚህ ውኃ በብዙ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሰፈራችሁ የሚደርሰው በየትኛው ቀን እንደሆነ፣ ሌሊት ይሁን ቀን፣ ሲጠፋ ስንት ቀን እንደሚቆይ ከመጀመሪያው ሳምንት ጠይቁ። ከግቢ ውጭ ቤት ለመከራየት የምታስቡ ደግሞ ክፍሉን ከማየታችሁ በፊት ሮቶውን እዩ። አለ? ስንት ቤተሰብ ይጋራዋል? ክዳኑ ይዘጋል? የቀለም ውበት ከውኃ አይበልጥም።

ቦኖ ካለበት ጥግ ለጥቂት ጊዜ ቆማችሁ እዩ። ማልዶ ስትሄዱ ሰው ሳይኖር ጀሪካኖች ብቻ በተርታ ተሰልፈው ታገኛላችሁ። አንዱ እጀታው በቀይ ጨርቅ ታስሯል፣ አንዱ ክዳን አጥቶ በፕላስቲክ ተወትፏል፣ አንዱ ላይ የባለቤቱ ስም በምስማር ተጭሯል። ባለቤቶቹ ቤታቸው ናቸው፤ ግን የማንም ተራ አይዘለልም። ውኃው ሲመጣ አንዲት እናት «የእማማ እገሊት የት አለ?» ብላ የሌሉትን አሮጊት ጀሪካን ወደፊት ትገፋላቸዋለች። እዚያ ግማሽ ሰዓት የቆመ ልጅ ሰፈሩ እንዴት እንደሚተዳደር፣ ማን ማንን እንደሚያከብር፣ ለማን እንደሚታዘንለት ያያል። እኔ ሰፈር ሳጠና ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ቀድሜ የምሄደው እዚያ ነበር።

ምግብ ቤትም በውኃው ነው የሚመዘነው። ግቢ በር ላይ ሽሮ፣ ፍርፍርና ፓስታ በቅናሽ የሚሸጡ ቤቶች ታገኛላችሁ፤ ብዙዎቹ ደግ ሰዎች ናቸው። ከመቀመጣችሁ በፊት እጅ መታጠቢያው ላይ ውኃና ሳሙና መኖሩን እዩ። ውኃ በጠፋበት ቀን ደግሞ ሳህኑ በምን እንደሚታጠብ ሳትፈሩ ጠይቁ። በእንዲህ ያለ ቀን ጥሬ ሰላጣና ጭማቂ ይቅርባችሁ። የምትጠጡትን አፍሉ፤ ማፍላት ካልቻላችሁ ውኃ አጋር (የውኃ ማከሚያ ክሎሪን) ጨምሩበትና ግማሽ ሰዓት ጠብቁ።

ወደ ሰው ልምጣ። ግቢ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር እኩያ ይኖራችኋል። እኩያ ግን ሁሉም እንደ እናንተ እንግዳ ነው፤ እናንተ የማታውቁትን እሱም አያውቅም። ከግቢ ውጭ ቢያንስ ሦስት አራት ትልልቅ ሰዎች በስም እንዲያውቋችሁ አድርጉ፤ ጉልት ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚሸጡትን እናት፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱን ባለቤት፣ ልብስ ሰፊውን፣ ቡና የምትጠጡበትን ቤት። መንገዱ ቀላል ነው፤ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ግዙ፣ ሳትገዙም ስታልፉ ሰላም በሉ። ትልቅ ሰውን አንቱ በሉ፤ እማማ፣ አባባ፣ ጋሼ፣ እትዬ ማለት እዚህ ትልቅ ነገር ነው። ከሩቅ የመጣችሁ፣ አማርኛ አፍ መፍቻችሁ ያልሆነ ልጆች፣ በዚህ አትሸማቀቁ። ቃል ብትሳሳቱ ይታረማል፤ ሰላምታ ሳይሰጡ ማለፍ ግን በቶሎ አይረሳም። ቡና ጠጡ ስትባሉም በምትችሉበት ቀን ቁጭ በሉ። ሰፈሩ ውስጥ ማን እንደታመመ፣ የቱ መንገድ እንደተዘጋ፣ የትኛው አከራይ ማስያዣ እንደማይመልስ የሚሰማው እዚያ ነው።

የመንገድ መዘጋትን ካነሣሁ አይቀር፣ ባጃጅና ታክሲ ማታ ስንት ሰዓት እንደሚቆም፣ የእንቅስቃሴ ገደብ ይኑር አይኑር፣ በየጊዜው ስለሚለያይ የአምናውን ተማሪ አትመኑ። የዛሬውን የሰፈሩን ሰው ጠይቁ።

ለሴቶች ልጆቼ ለብቻ የምለው አለኝ። የቀን መንገድና የማታ መንገድ ሁለት ናቸው። ከላይብረሪ ወደ ዶርም፣ ከታክሲ ማውረጃ ወደ ኪራይ ቤት የምትሄዱበትን መንገድ ጓደኛ ይዛችሁ በምሽት አንድ ጊዜ ሂዱበትና መብራት የት እንደሚቋረጥ፣ የትኛው ሱቅ አምሽቶ እንደሚዘጋ እዩ። ያ ሱቅ ያለበት መንገድ ቢረዝምም የእናንተ መንገድ እሱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቤት ላሳይሽ፣ ሥራ ላግኝልሽ የሚል የማታውቁት ሰው ሲመጣ ብቻችሁን አትከተሉ። ይሉኝታ ይዟችሁ የሄዳችሁበት ቦታ ለማንም አይበጅም፤ «አይ» ብሎ መመለስ ነውር የለውም።

የት እንደምትታከሙም ሳትታመሙ እወቁ። ግቢ ክሊኒክ አለ፤ ከዚያ የሚበልጠው ወደ ሆስፒታሉ ይላካል። የክሊኒኩን በርና የሥራ ሰዓት፣ ሌሊት ማን እንደሚገኝ በደህናው ቀን ጠይቁ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ከቆላ ለመጣ ልጅ ማታና ጠዋቱ ይከብደዋልና ጋቢ ወይም ጥሩ ሹራብ ያዙ። ከወባማ አካባቢ የመጣችሁ፣ በገባችሁ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ የአየር ለውጥ ነው ብላችሁ ዶርም አትተኙ፤ ክሊኒክ ሂዱና ከየት እንደመጣችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ሐኪሙ ሳያውቅ ከቀረ ምርመራው ሌላ አቅጣጫ ሊይዝ ይችላል። የመጣችሁበትን አገር መናገር ግማሽ ምርመራ ነው እላለሁ ሁልጊዜ።

ሆስፒታሉን ለማየትም ቢሆን በአንድ ቀን በበሩ በኩል እለፉ። ከመተማና ከሁመራ ሰሊጥ ሊያጭዱ ወርደው ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ ከባድ በሽታ) ይዟቸው የመጡ የቀን ሠራተኞች የሚታከሙት እዚህ ነው። በበሩ አካባቢ ፌስታልና ሰሃን ይዘው የሚጠብቁ አስታማሚዎች ታያላችሁ፤ ከገጠር የመጡ ናቸው፣ መንገድ ይጠይቋችኋል። ምንም ብትማሩ፣ ሕግም ሆነ ሂሳብ፣ ከተማው የሚሸከመውን ሰው ማየት የትምህርታችሁ ክፍል ነው።

ለጉብኝት የምላችሁ ብዙ አይደለም፤ እናንተው ታገኙታላችሁ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሂዱ፤ ደርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ከተማውን ሲያቃጥል የተረፈ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ቀና ብላችሁ እዩ። የእቴጌ ምንትዋብን ቁስቋም አትዝለሉ፤ አቀበቱን ወጥቶ የሚያየው ተማሪ ጥቂት ነው። የአዲስ ዓለምን የሙስሊሞች ሰፈር፣ ወደ ሰሜን ሲወጣ የሸክላ ሥራ የሚሸጥበትን ወለቃን፣ ቅዳሜ ገበያን በገበያው ቀን እዩ። የፋሲልን መዋኛ ከጥምቀት በፊት ባዶውን እዩት፤ ውኃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተስቦ የሚሞላው ለበዓሉ ነው። ባዶውን ያየ ሰው ጥር 11 ቀን ምን እንደተሠራ ይገባዋል።

ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ሣሉት። ሥዕል የማትችሉም ብትሆኑ፣ ግቢያችሁን መሐል አድርጉና ውኃውን፣ ክሊኒኩን፣ አምሽቶ የሚዘጋውን ሱቅ፣ ስማችሁን የሚያውቁትን ሰዎች፣ ማታ የማይሄዱበትን መንገድ ምልክት አድርጉ። ከወር በኋላ አርሙት። ከዚያም ለቤተሰባችሁ ስትደውሉ «ደህና ነኝ» ብቻ አትበሉ፤ የግቢውን ስም፣ የሕንፃውንና የዶርሙን ቁጥር፣ የቅርቡን ታቦት ወይም መስጊድ፣ ከተማው ውስጥ የሚያውቃችሁን አንድ ትልቅ ሰው ስልክ አጽፏቸው፤ ስልካችሁ ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ እናታችሁ ማን ጋ እንደምትደውል ትወቅ።