መልስ፦ ኤሚል በርታን ማርቲኒክ ላይ ለምን ቆመች?

ወርቅ የጫነችው የፈረንሳይ ክሩዘር (ፈጣን የጦር መርከብ) ኤሚል በርታን ሦስት ዓመት ያህል ማርቲኒክ፣ ማለትም በካሪቢያን ያለችው የፈረንሳይ ደሴት ላይ ለምን ቆመች ላልከው፣ ነገሩ እንዲህ ነው። መርከቧ ሰኔ 1940 (እ.ኤ.አ.) ከ250 ቶን በላይ የፈረንሳይ ባንክ ወርቅ ይዛ ካናዳ፣ ሃሊፋክስ ደረሰች። ፈረንሳይ ከጀርመን ጋር የተኩስ ማቆም ስትፈራረም ወርቁን ሳታራግፍ ወደ ማርቲኒክ ዋና ከተማ ፎር ደ ፍራንስ እንድትሄድ ታዘዘች። ወርቁ እዚያው ያለው ዴሴ ምሽግ ገባ፤ እሷም እስከ 1943 ወደቡ ላይ ተገትራ ቀረች።

በጣም ፈጣን ነበረች ተብሎ የሰማኸው እውነት ነው፤ በሙከራ ጉዞ 39 ኖት (በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ያህል) አልፋለች። ግን ፍጥነቱ በነፃ አልመጣም። ክብደት ለመቀነስ ሲባል አካሏ ቀላል ሆኖ ስለተሠራ፣ በከፍተኛ ፍጥነት እየሄደች ዘጠኙን ባለ 152 ሚሊሜትር መድፎች መተኮስ አካሏን ያስጨንቀው ነበር፤ ኋላ ማጠናከሪያ ተጨመረላት። በኔ ግምት ዋናው ጥቅሟ የባሕር ፈንጂ መዘርጋቷ ነበር፤ እስከ 200 ፈንጂ ትጭን ነበር።

ከማርቲኒክ በኋላ አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ታድሳ በ1944 በደቡብ ፈረንሳይ ማረፊያ ዘመቻ ተሳተፈች፣ ኢንዶቻይናም ሄደች። በ1959 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።