ስለ ካናዳ ስፖርተኞች የጠየቃችሁኝ፣ ከሆኪ እስከ 5 ሺ ሜትር

እሺ ስለ ካናዳ ስፖርተኞች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ከጠበቅኩት በላይ ነው የመጣው። ቶሮንቶ ከገባሁ 12 ዓመት አለፈኝ፣ ስፖርት ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ነፍሴ ነው፣ የማውቀውን እየጻፍኩ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ጥ፦ እኛ ጋ ኃይሌ ወይ ደራርቱ ሲባል ሕፃን ሽማግሌ ያውቃቸዋል፣ እዛ እንደዛ የሚታወቀው ማነው?

መ፦ ዌይን ግሬትስኪ። በ1961 ብራንትፎርድ የምትባል የኦንታሪዮ ከተማ ተወለደ፣ አባቱ ዋልተር ብርዱ ሲገባ ጓሮውን ውሃ ያጠጡና በረዶ ሲሆን ልጁ እዛ ላይ ሲንሸራተት ይውላል፣ ያደገው እንደዚህ ነው። የሆኪ ተጫዋች ነው፣ በኤንኤችኤል፣ ማለትም በሰሜን አሜሪካ ትልቁ የበረዶ ሆኪ ሊግ፣ 894 ጎል አግብቷል፣ 1963 አሲስት አለው። ሆኪ ላይ ጎልም አሲስትም እኩል አንድ አንድ ነጥብ ነው የሚያዘው፣ እና የግሬትስኪን ጎሎች በሙሉ ብትሰርዙበት እንኳ በአሲስቱ ብቻ ከሁሉም በላይ ነው፣ ሁለተኛው ያሮሚር ያግር ጎሉም አሲስቱም ተደምሮ 1921 ነው። የጎሉን ሪከርድ ሩሲያዊው ኦቬችኪን በኤፕሪል 2025 ሰብሮታል፣ አሲስቱን ግን የሚደርስበት አይታየኝም። የሱን 99 ቁጥር አሁን በሊጉ ማንም አይለብሰውም። በ1988 ኤድመንተን ለሎስ አንጀለስ አሳልፎ ሲሰጠው መንግሥት ጣልቃ ገብቶ ያስቁመው ተብሎ ፓርላማ ድረስ ሄዷል፣ ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ።

ጥ፦ ሆኪ ስንት ጊዜ አየሁት አልገባኝም። አንድ ሰው ገብቶ ወዲያው ይወጣል፣ ደክሞት ነው?

መ፦ አዎ ደክሞት ነው! በአንድ ጊዜ ሜዳው ላይ ከአንድ ቡድን 6 ሰው ነው ያለው፣ 5 ተጫዋችና 1 በረኛ። በሙሉ ኃይላቸው ስለሚንሸራተቱ አንዱ 45 ሰከንድ ገደማ ይጫወትና ይወጣል፣ ሌላው ጨዋታው ሳይቆም አጥሩን ዘሎ ይገባል። 20 ደቂቃ ሦስት ጊዜ ነው። ኳሱ ደግሞ ኳስ አይደለም፣ ፓክ ይባላል፣ ጠፍጣፋ ጎማ ነው 170 ግራም ገደማ፣ እንዳይነጥር ከጨዋታው በፊት ፍሪዘር ውስጥ ይገባል። ጥፋት የሠራ 2 ደቂቃ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ቡድኑ በዛች ሰዓት በሰው ጎዶሎ ይጫወታል፣ ጎል የማግባት ዕድሉ ያኔ ስለሚጨምር ከቴሌቪዥኑ አትነሱ። ኦፍሳይድ ማለት ሰማያዊውን መስመር ከፓኩ ቀድሞ ማለፍ ነው። ይቺን ካወቃችሁ ይበቃችኋል ሌላው እያያችሁ ይገባችኋል።

ጥ፦ ጥቁር ሆኪ ተጫዋች አለ እንዴ?

መ፦ አለ እንጂ። ዊሊ ኦሪ ጃንዋሪ 18፣ 1958 ለቦስተን ሲሰለፍ በኤንኤችኤል የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ፣ የኒው ብራንስዊክ ልጅ ነው፣ ፍሬድሪክተን። ብዙ ሰው የማያውቀው ምን መሰላችሁ፣ ሰውየው ቀኝ ዓይኑ አያይም ነበር። ወጣት እያለ ፓክ መቶት ነው የጠፋችው፣ ቡድኑ ቢያውቅ አያጫውተውም፣ ስለዚህ ደብቆ ተጫወተ። በአንድ ዓይን፣ በዛ ፍጥነት፣ ተመልካች እየሰደበው። እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። ከሱ በኋላ ጃሮም ኢጊንላ መጣ፣ አባቱ ናይጄሪያዊ ናቸው፣ በ2002 በክረምት ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ እሱ ነው።

ጥ፦ እኔ የሰማንያዎቹ ሰው ነኝ፣ ቤን ጆንሰን ካርል ሉዊስን ሲቀድመው በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ካናዳውያን አሁን ስለሱ ምን ይላሉ?

መ፦ ጋሼ ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሱት። ሴኡል 1988፣ 9.79 ሮጠ፣ አገሩ አበደ፣ በሦስተኛው ቀን በአበረታች መድኃኒት ተይዞ ወርቁን ተነጠቀ። ጃማይካ ነው የተወለደው፣ እና ያሸነፈ ቀን ካናዳዊ ነበር፣ ሲያዝ ግን ጋዜጣው ጃማይካዊ ማለት ጀመረ፣ ይሄን እዚህ ያሉ ስደተኞች እስካሁን ያነሱታል፣ እኔም ይሄ ነገር ያመኛል። ጥፋቱን ጥፋት ማለት አንድ ነገር ነው፣ ዜግነቱን መንጠቅ ሌላ ነገር ነው። ከ8 ዓመት በኋላ ዶኖቫን ቤይሊ፣ እሱም ጃማይካ ተወልዶ በ13 ዓመቱ የመጣ፣ አትላንታ ላይ 100ውን በ9.84 የዓለም ሪከርድ አሸነፈ፣ በ4 በ100 ዱላ ቅብብልም አሜሪካንን በአገሯ አሸንፈው ወርቅ ወሰዱ። ያ ጊዜ ብዙ ሰው የተነፈሰበት ጊዜ ነው።

ጥ፦ ደ ግራስስ?

መ፦ አንድሬ ደ ግራስ የአጭር ርቀት ሯጭ ነው፣ የቶሮንቶዋ ስካርቦሮ አካባቢ ልጅ። ሃይስኩል እያለ ነው የተገኘው፣ በባስኬት ቁምጣ፣ በውሰት ስፓይክ፣ ብሎክ ላይ ሳይንበረከክ ቆሞ ተነስቶ 100ን በ10.90 ሮጠ፣ አሰልጣኝ እዛው አየው። ቶኪዮ ላይ 200ን በ19.62 ወርቅ፣ ፓሪስ 2024 ላይ ደግሞ በዱላ ቅብብል ወርቅ።

ጥ፦ ይሄ መሐመድ አህመድ የሚባለው የኛን ልጆች ሁሌ የሚያስቸግር ካናዳዊ ማነው? ሀበሻ ነው?

መ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሀበሻ አይደለም፣ ሶማሌ ነው። ሞቃዲሾ ተወልዶ ኬንያ በስደት አድጎ ልጅ እያለ ካናዳ ገባ፣ ሴይንት ካትሪንስ ነው ሩጫ የጀመረው። ሪዮ 2016 በ5000 አራተኛ ነበር፣ ነሐሱን የኛው ሐጎስ ገብረሕይወት ወሰደበት። ከዛ ዶሃ 2019፣ እዚህ ቶሮንቶ ዳንፎርዝ ጎዳና አንድ የሀበሻ ቤት ተሰብስበን ነበር ያየነው፣ ሙክታር እድሪስ አንደኛ ሰለሞን ባረጋ ሁለተኛ ሲገቡ ቤቱ በጩኸት ተናጋ፣ ሦስተኛው እሱ ነበር፣ ለካናዳ በ5000 የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ሜዳሊያ። እልልታው አልቆ ሁላችንም ለሱም አጨበጨብን። ቶኪዮ ላይ በ10 ሺ ባረጋ ወርቅ ሲወስድ እሱ 6ኛ ሆነ፣ ከሳምንት በኋላ በ5000 መጨረሻው ዙር ላይ ከኋላ ተነስቶ ብር፣ ዩጋንዳዊው ቼፕቴጌይ ብቻ ነው የቀደመው፣ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ።

ፓሪስን አይታችኋል አይደል? 10 ሺው። የኛ ልጆች ከመጀመሪያው ጀምረው እየተፈራረቁ ፍጥነቱን ጎተቱት፣ 13 ሰው ቀነኒሳ ቤጂንግ ላይ ካስመዘገበው የኦሎምፒክ ሪከርድ በታች ነው የገባው። በሪሁ አረጋዊ 26:43.44 ብር፣ አሜሪካዊው ፊሸር 26:43.46 ነሐስ፣ መሐመድ 26:43.79 አራተኛ። ከብሩ የለየው 0.35 ሰከንድ ነው፣ 10 ኪሎ ሜትር ተሮጦ! እኔ በበሪሁ ደስ እያለኝ ለዚህም ልጅ አዘንኩ፣ ሁለቱም አንድ ላይ ይሆናል ለካ። በኔ አስተያየት በዚህ አገር ካሉት ሯጮች ትልቁ እሱ ነው፣ ምክንያቱም አጭር ርቀት ላይ ከፊቱ መንገድ የጠረጉለት ነበሩ፣ በረጅም ርቀት ግን የኛንና የኬንያን ግድግዳ ብቻውን ነው የገፋው።

ጥ፦ አልፎንሶ ዴቪስ ስደተኛ ካምፕ ነው የተወለደው የሚባለው እውነት ነው?

መ፦ እውነት ነው፣ ጋና ቡዱቡራም ካምፕ፣ ወላጆቹ ከላይቤሪያ ጦርነት የሸሹ ናቸው። 5 ዓመቱ ላይ ካናዳ መጣ፣ ኤድመንተን አደገ፣ በ19 ዓመቱ ከባየርን ጋር ሻምፒዮንስ ሊግ በላ። ኳታር ላይ ክሮኤሺያን በ68ኛው ሰከንድ ያገባባት ጎል የካናዳ ወንዶች በዓለም ዋንጫ ያገቡት የመጀመሪያው ጎል ነው።

ጥ፦ ሁሉንም ወንድ ብቻ ጻፍክ፣ ሴቶቹስ?

መ፦ ልክ ነሽ እህቴ። ኳስ ላይ ክርስቲን ሲንክሌር አለች፣ ለብሔራዊ ቡድን 190 ጎል፣ ወንድም ይሁን ሴት በዓለም ላይ ከሷ በላይ ለአገሩ ያገባ የለም፣ ሮናልዶም ጭምር። ቶኪዮ ላይ ወርቅ ወስደዋል። ዋና ላይ ሰመር ማኪንቶሽን ተከታተሉ፣ ፓሪስ ላይ ገና በ17 ዓመቷ 3 ወርቅ 1 ብር፣ እናቷም የ1984 ኦሎምፒክ ዋናተኛ ነበረች። መዶሻ ውርወራ ላይ ደግሞ ፓሪስ የሴቱን ወርቅ ካምሪን ሮጀርስ፣ የወንዱን ኢታን ካትዝበርግ፣ ሁለቱም የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ልጆች።

ጥ፦ ያ በረዶ ላይ ድንጋይ እያንሸራተቱ በመጥረጊያ የሚጠርጉት ምንድነው?

መ፦ ከርሊንግ። ድንጋዩ 20 ኪሎ ገደማ ነው፣ ሲጠርጉት በረዶው ትንሽ ይሞቅና ድንጋዩ ርቆ ይሄዳል፣ ሲሄድም ቀጥ ይላል። እኔን ብዙም አይስበኝም፣ ጎረቤቶቼ ግን ይሞቱለታል።

ጥ፦ ካናዳ ያለች የአክስቴ ልጅ በየዓመቱ በትምህርት ቤት ለቴሪ ፎክስ እንሮጣለን ትላለች፣ ስንት ሜዳሊያ አለው?

መ፦ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ የለውም። 18 ዓመቱ ላይ በአጥንት ካንሰር ቀኝ እግሩን ከጉልበት በላይ ቆረጡት። ሆስፒታል ውስጥ ያያቸው ሕፃናት ከልቡ አልወጣ ስላሉ ለካንሰር ምርምር ገንዘብ ላሰባስብ ብሎ ኤፕሪል 12፣ 1980 ሴይንት ጆንስ ላይ ሰው ሠራሽ እግሩን አትላንቲክ ውስጥ ነክሮ ወደ ምዕራብ መሮጥ ጀመረ። በቀን ማራቶን የሚያክል። የዛን ጊዜው ሰው ሠራሽ እግር ቶሎ ስለማይመለስለት በጤነኛው እግሩ ሁለቴ እየነጠረ ነው የሚሄደው፣ ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩት፣ ያ አረማመድ አይረሳም። 143 ቀን፣ 5373 ኪሎ ሜትር። ተንደር ቤይ አጠገብ ደረቱን አመመው፣ ካንሰሩ ሳንባው ገብቶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በ22 ዓመቱ አረፈ። በየሴፕቴምበሩ የሚሮጠው ሩጫ አሸናፊ የለውም፣ ሰዓት አይያዝም፣ የሚራመድም ይራመዳል። የዛሬ ሦስት ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ "ዛሬ ለማን እንደሮጥኩ ታውቃለህ?" አለችኝና ደረቷ ላይ የለጠፈችውን ወረቀት አሳየችኝ፣ በካንሰር ያረፈችውን የእናቴን ስም ጽፋ ነው።

ጥ፦ ኤድመንተን ነኝ፣ ልጄ 7 ዓመቷ ነው፣ ሆኪ ካልተመዘገብኩ ትላለች፣ ዋጋው ያስፈራል። ምን ትመክረኛለህ?

መ፦ እውነት ነው ውድ ነው፣ ግን አትከልክያት። መጀመሪያ ክለብ ሳታስገቢያት ክፍት የበረዶ ሜዳ ወስደሽ መንሸራተት ትልመድ፣ አንድ ዊንተር ይበቃታል፣ ከወደደችው ትመዘገባለች። የትከሻና የጉልበት መከላከያውን ምኑን ያገለገለ ግዢላት፣ ልጆች በዓመት ስለሚያድጉ ብዙ ያልተለበሰ ታገኛለሽ። ሄልሜቱን ግን አዲስ። የስኬት ጫማው ቁጥር ከመደበኛ ጫማዋ ወደ አንድ ቁጥር ያንሳል፣ ታድግበታለች ብለሽ ሰፊ እንዳትገዢ፣ ቁርጭምጭሚቷ ይወላገድና መንሸራተቱን ትጠላዋለች። በስስ ካልሲ አስለክተሽ ግዢ።