ደብተሩ ላይ ያልጻፍኩት

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፣ ቡና ልጋብዝዎ» ብላ ጣና ዳር ወሰደችኝ። ቡናው ሳይቀዳ ጉዳዩ ወጣ። አዲስ አበባ ሥራ አግኝታለች። እዚህ ደመወዟ 16,000 ነው፤ እዚያ 24,000 ብለዋታል። «8,000 ብር ጭማሪ እኮ ነው፣ ምን ያስጠይቃል?» አለች። የሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ መርቄ እንድሸኛት ነው የፈለገችው። እኔ ግን አፌ ተያዘ።

1996 ዓ.ም. ትዝ አለኝ። እዚሁ ባሕር ዳር መንግሥት መሥሪያ ቤት 1,050 ብር እየተከፈለኝ እናቴ ቤት እኖር ነበር። አዲስ አበባ ያለ አንድ የግል ድርጅት 1,800 እንሰጥሃለን አለኝ። ማታ ደብተር አወጣሁና ትልቁን ከትንሹ ቀነስኩ። 750። በቃ! ቀኑን ሙሉ የሰው ደመወዝ ሲያሰላ የሚውል ሰው የራሱን ባንዲት መስመር ጨረሰ። ጡረታ አይቆረጥብህም ሲሉኝማ፣ 42 ብር ሌላ ትርፍ ብዬ ደስ አለኝ።

ሄድኩ። ከጭማሪው ላይ ግብሩ 132 ብር ከ50 ወሰደ። የአንድ ክፍል ኪራይ 400። የተረፈችውን ምሳና ታክሲ ጠራርገው በሏት። ባሕር ዳር እያለሁ በሳይክል ሄጄ ምሳዬን ቤት ነበር የምበላው፤ ቅዳሜ ደግሞ እናቴ ከአጥማጆቹ ቀረሶ ዓሣ ትገዛለች። ያኔ ውሃ የጠጣ የደንገል ታንኳ ዳር ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ፀሐይ ሲሞቅ ማየት ደስ ይለኝ ነበር፤ አሁን ጊዜ ሰጥቶ የሚያየው ያለ አይመስለኝም። እናቴ ሁለት ጊዜ ታመመች። በሌሊት አውቶቡስ ይዤ፣ የዓባይን በረሃ ወርጄ ወጥቼ፣ ሁለቴም የደረስኩት ከተሻላት በኋላ ነው።

ጡረታው ግን ይብሳል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ የመጣው በ2003 ነው። ድርጅቱ በጡረታ ፈንታ ለሠራተኛ የሚጠራቀም ገንዘብ፣ ፕሮቪደንት ፈንድ የሚሉትም አልነበረውም። ሰባት ዓመቴ ከአገልግሎት አይቆጠርም። ከአሥር ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የደመወዝ 1.25 በመቶ ስለሚታሰብ፣ የደመወዜ 8.75 በመቶ ከጡረታዬ ጎደለ ማለት ነው። በ42 ብር የተደሰትኩት እኔ ነኝ!

የዘንድሮ ልጅ ካልኩሌተር የሚከፍተው የካፌ ሂሳብ ሲካፈል ብቻ ነው መሰለኝ። ልጅቷን ስልክሽን አውጪ አልኳት። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ከ14,000 በላይ ካለው ከእያንዳንዱ ብር 35 ሳንቲም ግብር፣ 7 ሳንቲም ጡረታ ይሄዳል። 8,000 የተባለው እጇ ሲገባ 4,640 ነው። ኪራዩን ገና አልነካነውም። ደመወዙ ያልተጣራ መሆኑን እንኳ አልጠየቀችም ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬ አትሂጂ አላልኳትም። ያኔ ደብተሩ ላይ ኪሳራ ቢወጣም እሄድ ነበር፤ 35 ዓመቴ ነበር፣ ከተማው ጠቦኝ ነበር።

የመመላለሻውንም ያዢ፣ እናትሽን ለማየት በዓመት ስንቴ እንደምትመጪ ራስሽ ጻፊ አልኳት። 12 ብላ ጻፈች። ወደ ሐይቁ አየት አደረገችና አጠፋችው። 4 አደረገችው።