ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ባለቤቴ እኔንም መጠራጠር ጀምሯል»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ ባለቤቴ 29 ዓመቱ ሲሆን ከተጋባን ሁለት ዓመት አልፎናል። ከአራት ወራት በፊት ዝምተኛ እየሆነ መጣ፣ ጓደኞቹንም ራቀ። ከዚያ በኋላ በየምክንያቱ መጣላት ጀመርን። አሁን ሌሊቱን በመስኮት ጥግ ቆሞ ያድራል፤ የሁለታችንንም ስልክ በጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፋል። የሥራ ባልደረቦቹ እንደሚከታተሉትና እኔም ወሬ እንደማቀብላቸው ይናገራል። ብቻውን ሆኖ ለሰው መልስ እንደሚሰጥ ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ተሳስተሃል ብዬ ማስረጃ ሳቀርብለት ይብስበታል፤ ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ደግሞ «አብደሃል ልትይኝ ነው?» ብሎ ይቆጣል። ጥፋቱ የእኔ ይሆን? ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ «ጥፋቱ የእኔ ይሆን?» ከሚለው ልነሣ፤ ይህን ሸክም እንደያዙ ሌላውን ምክር መስማት ይከብድዎታልና። የትዳር ጠብ ውጥረትን ሊያባብስ ይችላል እንጂ ብቻውን እንዲህ ያለ ሕመም አያመጣም። የጻፉትን መልሰው ቢያነቡት ደግሞ ዝምታውና ከጓደኞቹ መራቁ ከጠባችሁ በፊት የመጡ ናቸው፤ ስለዚህ ያጣላችሁ ሕመሙ ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

የገለጹት ሁኔታ በሕክምናው ቋንቋ ሳይኮሲስ የሚባለውን ይመስላል፤ ይኸውም አንድ ሰው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ሲሰማ፣ ወይም በማስረጃ የማይናወጥ የተሳሳተ እምነት ሲይዝ ነው። ሳይኮሲስ ልክ እንደ ትኩሳት ምልክት እንጂ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ከስኪዞፍሬኒያ (አስተሳሰብንና እውነታን የመለየት ችሎታን የሚያዛባ ከባድ የአእምሮ ሕመም)፣ ከባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ወይም ከከባድ ድብርት ጋር ሊመጣ ይችላል፤ ካናቢስና አነቃቂ ዕፆች፣ የሚጥል በሽታ፣ የአንጎል ኢንፌክሽን፣ የታይሮይድ ዕጢ መዛባትም ሊያስነሡት ይችላሉ። የባለቤትዎ ዕድሜ ስኪዞፍሬኒያ ብዙውን ጊዜ ከሚጀምርበት ዕድሜ ብዙ የራቀ ባይሆንም፣ በስፋት ከሚሠራባቸው መስፈርቶች አንዱ ይህን ስም ለመስጠት ሕመሙ ቢያንስ 6 ወር መቆየት እንዳለበት ይደነግጋል። እኔም በደብዳቤ ስም ልሰጠው አልችልም። ሕክምናው ግን ስሙ እስኪለይ መጠበቅ የለበትም፤ ሳይታከም የሚቆየው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ማገገሙም ይበልጥ አስቸጋሪ እንደሚሆን በሚገባ ይታወቃል።

ማስረጃ ሲያቀርቡለት የሚብስበት እልኸኛ ስለሆነ አይደለም። ድምፅ የሚሰሙ ሕሙማን አንጎል በምስል ሲታይ ለንግግርና ለመስማት የሚያገለግሉት ክፍሎች በሥራ ላይ ሆነው ይገኛሉ፤ ስለዚህ ያ ድምፅ ለእርሱ የእርስዎን ድምፅ ያህል እውነት ነው። ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ኬሚካል ከመጠን በላይ ሲሠራ ደግሞ ተራው ነገር ሁሉ ትርጉም ያዘለ ይመስላል፤ ደጅ ላይ የቆመ መኪና፣ የባልደረባ ሳል፣ እርስዎ ስልክዎን ገልብጠው ማስቀመጥዎ እንኳ ለእርሱ የተላከ መልእክት ይሆንበታል። በዚህ መሐል የሚከራከረው ሰው ከጠላቶቹ ወገን ይቆጠራል።

ስለዚህ አይከራከሩት፤ ነገር ግን አዎ ብለውም አይስማሙለት። «እኔ ድምፁን አልሰማሁም፤ አንተን ግን እንዳስፈራህ ይታየኛል» ማለት ውሸት የለበትም፣ ጠብም አይጭርም። ከዚያ እርሱ ራሱ ችግር ነው ብሎ በሚቀበለው ነገር ይግቡ፤ በእኔ ግምት እርሱ እንቅልፍ ማጣቱ ነው። «አብደሃል» የሚለውን ቃል የሚፈራ ሰው «ከተኛህ ስንት ቀን ሆነህ፤ ሰውነትህ እያለቀ ነው፣ ለእንቅልፍህ አብረን ሐኪም እንይ» ሲባል ብዙ ጊዜ እሺ ይላል። ይህ ማታለል አይደለም፤ እንቅልፍ ማጣቱ የሕመሙ አካል ነውና። ይህንንም ረጋ ባለበት ሰዓት፣ ሁለታችሁ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ በአጭሩ ይንገሩት።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንዎ። ቤተሰቦች በጭንቀታቸው መድኃኒት በመጠጥ ደብቀው ሲሰጡ አያለሁ። ጭንቀታቸው ይገባኛል፤ ግን እርስዎን የሚጠራጠር ሰው ይህን የደረሰበት ቀን ጥርጣሬው እውነት ሆነለት ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ከእጅዎ ምንም ላይቀበል ይችላል።

ስለ ደኅንነትዎም በግልጽ ልናገር። ሳይኮሲስ ያለበት አብዛኛው ሰው ማንንም አይጎዳም። ይሁን እንጂ የትዳር ጓደኛ ራሷ በጥርጣሬው ውስጥ ስትገባ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዛተብዎ እንደሆነ፣ ስለት ነገር መያዝ ከጀመረ፣ ድምፆቹ እንዲህ አድርግ ብለው እንደሚያዝዙት ከተናገረ፣ ተመርዟል ብሎ ምግብና ውኃ ካቆመ ወይም ስለ መሞት ካወራ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል እንዲደርስ ያድርጉ። ብቻዎን ለማስገደድ ግን አይሞክሩ፤ ከቤት ይውጡና ሰው ይጥሩ። በተለይ ስለ መሞት ማውራቱን ቀላል አድርገው አይለፉት፤ የሕመሙ የመጀመሪያ ዓመታት ራስን የማጥፋት አደጋ ከፍ የሚልባቸው ናቸው።

ሐኪም ዘንድ ሲደርስ የሰውነት ምርመራ፣ የታይሮይድ፣ የስኳር፣ የኤችአይቪና የቂጥኝ የደም ምርመራ፣ እንደ ሁኔታው የአንጎል ምስል ሊታዘዝለት ይችላል። ከዚያ እንደ ሪስፔሪዶን፣ ኦላንዛፒን ወይም ሃሎፔሪዶል ያለ መድኃኒት ይጀመርለት ይሆናል። ንዴቱና እንቅልፍ ማጣቱ በቀናት ውስጥ ሊሻል ይችላል፤ ድምፁና ጥርጣሬው ግን በአብዛኛው ሳምንታት ይፈልጋሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ለውጥ የለም ብላችሁ እንዳትተዉት። መድኃኒቶቹ ሱስ አያስይዙም፤ ሆኖም ጣጣ የላቸውም አልልም። አንዳንዶቹ ክብደትና የደም ስኳር ይጨምራሉ፣ ሌሎቹ ጡንቻ ያገትራሉ። አንዳንዴም ሰውየው መቀመጥ አቅቶት እግሩን እያፈራረቀ ይንቆራጠጣል፤ ቤተሰብ ሕመሙ የባሰበት ይመስለዋል፣ እርሱም መድኃኒቱን በዚሁ ምክንያት ይጥለዋል። ይህን ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መጠኑ ይስተካከላል ወይም መድኃኒቱ ይለወጣል። ከተሻለው በኋላም ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ከ1 እስከ 2 ዓመት እንዲቀጥል እንመክራለን፤ «ድኛለሁ» ብሎ በራስ ማቆም ሕመሙ ተመልሶ ከሚመጣባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው።

ወደፊት ምን ይሆናል የሚለውን አልጠየቁኝም፤ በልብዎ ግን እንዳለ እገምታለሁ። ሕመሙ ስኪዞፍሬኒያ ሆኖ ቢገኝ እንኳ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ከሦስት ሕሙማን ቢያንስ አንዱ ሙሉ በሙሉ ሊያገግም ይችላል። ከነዚያ ውጭ ካሉትም በሕክምና እየተረዱ ሠርተው የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ሳያቋርጥ ወቀሳና ቁጣ የሚሰማ ሕመምተኛ ቶሎ ቶሎ እንደሚያገረሽበት ስለሚታወቅ ባልና ሚስት አብረው የሚወስዱት ትምህርትና ምክር ከመድኃኒቱ ጎን ትልቅ ድርሻ አለው።

ይህን ሁሉ ብቻዎን ሊሸከሙት አይገባም። ባለቤትዎ የማይጠረጥረው፣ ምስጢር የሚጠብቅ አንድ ዘመድ ካለ ዛሬውኑ ይንገሩት፤ ቢያንስ አንዳንድ ሌሊት እርስዎም ሌላ ቤት ሄደው ይተኙ። ያዩትን ከነቀኑ በማስታወሻ ይያዙ፦ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ምን አለ፣ ምን ወሰደ። እርሱ አልሄድም ቢል እንኳ እርስዎ ማስታወሻውን ይዘው ወደ አእምሮ ሐኪም ቀድመው ይሂዱ። ሐኪሙ ስለ ሕመምተኛው ምስጢር ላይነግርዎ ይችላል፤ እርስዎ የሚሉትን ከመስማት ግን የሚያግደው ነገር የለም። ባለቤትዎን እንዴት ማምጣት እንደሚቻልም በዚያው አብራችሁ ትመክራላችሁ።