ይድረስ ለወጣት የጥገና ባለሙያዎች፦ ስለ ልምድና ስለ አቋራጭ

የተወደዳችሁ ልጆቼ፤

አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በአውሮፕላን ጥገና ሃንጋር ውስጥ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ከወጣት ቴክኒሻኖች ጋር በተገናኘሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይቀርብልኛል፤ ይህን ያህል ዓመት የሠራ፣ ሥራውን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው፣ ተማሪ እንኳ የማይሠራውን ስህተት እንዴት ይሠራል? ጥያቄው ከቅን ልቦና የመነጨ ነው። ነገር ግን ውስጡ አንድ አደገኛ እምነት አለበት፤ ስህተት የጀማሪ እንደሆነና ዓመታት በተደራረቡ ቁጥር በራሱ ጊዜ እየጠፋ እንደሚሄድ ማመን ነው። ከዚህ እምነት ገና በጠዋቱ እንድትላቀቁ ስለምሻ ይህን ደብዳቤ እጽፍላችኋለሁ።

በሙያችን ውስጥ በሚገባ የተመረመረ አንድ አደጋ ላንሳ። ጁን 10 ቀን 1990 እ.ኤ.አ. የብሪቲሽ ኤርዌይስ በረራ ቁጥር 5390 ከእንግሊዟ በርሚንግሃም ተነስቶ ወደ ስፔን ማላጋ ሲያመራ፣ ወደ 17,300 ጫማ ከፍታ እንደደረሰ በካፒቴኑ በኩል ያለው የፊት መስታወት ተገንጥሎ ወጣ። ካፒቴን ቲም ላንካስተር በአየሩ ግፊት ከወገባቸው በላይ በክፍተቱ ወደ ውጭ ተጎተቱ። የበረራ አስተናጋጆች እግራቸውን ጨብጠው ሲይዟቸው፣ ረዳት አብራሪው አላስቴር አቺሰን አውሮፕላኑን ሳውዝሃምፕተን ላይ አሳረፉት። ካፒቴኑን ጨምሮ በአውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት 87 ሰዎች ሁሉ በሕይወት ተረፉ።

መስታወቱ የተገጠመው ከበረራው አንድ ቀን ገደማ ቀደም ብሎ፣ በሌሊት ፈረቃ ነበር። በዚያ ሌሊት የሰው ኃይል ስላነሰ ሥራውን ራሱ የሠራው የፈረቃው ኃላፊ ነው፤ በሙያው የበሰለና አለቆቹ የሚመኩበት ሰው። ከአሮጌው መስታወት የተፈታውን አንድ ብሎን ይዞ ወደ መለዋወጫ ክፍሉ ሄደና ተመሳሳዩን ጠየቀ። በቂ ብዛት አልነበረም። የክፍሉ ሠራተኛ ለዚህ መስታወት የሚሆነው ሌላ መጠን እንደሆነ ቢነግረውም፣ አሮጌዎቹ ብሎኖች እስከዚያ ቀን መስታወቱን ይዘው ስለቆዩ እነሱኑ መፈለግን መረጠ። ከዚያም መብራቱ ደብዘዝ ባለበት ሌላ የዕቃ ማስቀመጫ ሄዶ፣ የመለዋወጫ ካታሎጉን ሳይከፍት፣ ብሎኖቹን በዓይኑና በጣቱ እያመሳከረ ለቀመ። መስታወቱን ካሰሩት 90 ብሎኖች ውስጥ 84ቱ ውፍረታቸው ከሚገባው ያነሰ ነበር። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው።

ይህን ታሪክ ለወጣቶች ስነግር ሁልጊዜ የማቆምበት ቦታ አለ። ከአሮጌው መስታወት የተፈቱት ብሎኖችም ትክክለኛዎቹ አልነበሩም፤ ከሚገባው ያጠሩ ነበሩ። ቀደም ሲል አንድ ሰው የተሳሳተ ብሎን አስገብቶ ነበር፤ መስታወቱ ግን አልወጣም፤ አውሮፕላኑም ይበር ነበር። ስለዚህ ያ ኃላፊ በእጁ የያዘው የትናንቱን ስህተት ነው፤ ለእሱ ግን ማስረጃ መሰለው። «እስከ ዛሬ ይዞ የለም እንዴ?» የሚለው ሐሳብ ካታሎጉን ከመክፈት አሳረፈው። ልምድ ያለው ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው፤ አደጋ አለመድረሱን የአሠራሩ ትክክለኛነት ማረጋገጫ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ጀማሪ ቴክኒሻን ያን ሌሊት ቢመደብ ኖሮ ካታሎጉን ይከፍት እንደነበር አልጠራጠርም። የሚከፍተው ከኃላፊው ስለሚሻል ሳይሆን ስለማያውቅ ነው፤ አለማወቁ ይጠብቀዋል። አዋቂው ግን ብሎንን በዓይኑ መለየት ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ትክክል ነው። አቋራጩን በተጠቀመ ቁጥር የሚያገኘው ጥቅም እዚያው እጁ ላይ ነው፤ ሥራው ቶሎ ያልቃል፣ አውሮፕላኑ በሰዓቱ ይወጣል፣ አለቃው ያመሰግነዋል። ጉዳቱ ግን የሚመጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ቀን ነው፤ ጨርሶ ላይመጣም ይችላል። አቋራጭ በዚህ ዓይነት ይለመዳል፤ አበው «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ያሉትም የልማድን ጉልበት ስላወቁ ነው። መርማሪዎቹም ያ ኃላፊ በዚያ ሌሊት ብቻ ከደንቡ እንደወጣ አላመኑም፤ አሠራሩ የቆየ ነበር፤ የበላዮቹም ውጤቱን እንጂ የሚሠራበትን መንገድ አያዩም ነበር።

ይህ የአንድ ሰው ጠባይ ብቻ አይደለም። ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 እ.ኤ.አ. ከተነሣች 73 ሰከንድ በኋላ የተበታተነችው የአሜሪካ መንኮራኩር ቻሌንጀር 7 ሰዎችን ይዛ ጠፍታለች። መንስኤው የሮኬቱን መጋጠሚያ የሚደፍነው የጎማ ቀለበት ነበር፤ በቀደሙ በረራዎች ላይም ቀለበቱ ተጎድቶ መገኘቱ ይታወቅ ነበር። መንኮራኩሮቹ በሰላም በተመለሱ ቁጥር ግን ጉዳቱ እንደ ተለመደ ነገር ተቆጠረ። በዋዜማው ምሽት ቅዝቃዜው ቀለበቱን ያደነድነዋል ብለው የሰጉ መሐንዲሶች በረራው እንዳይካሄድ ቢመክሩም፣ ኃላፊዎቻቸው ምክሩን ሻሩት።

ስለ ሥልጣንና ስለ ዝምታ ደግሞ ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ በእኛ ባህል ውስጥ ያደገ ሰው ከማንም በላይ ሊያስብበት ይገባልና። ማርች 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. በስፔኗ የቴነሪፍ ደሴት፣ ጉም በሸፈነው የሎስ ሮዴዮስ ማረፊያ ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞቱ። አንደኛው የሆላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤም፣ ሌላው የአሜሪካው የፓን አም ነበር። የኬኤልኤሙ አውሮፕላን ካፒቴን በአየር መንገዱ ውስጥ ስመ ጥር ከነበሩት አብራሪዎች አንዱ፣ የሌሎች አብራሪዎች አሠልጣኝም ነበሩ። ረዳታቸውን በዚያው አውሮፕላን ዓይነት ፈትነው ያሳለፉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ቀኑ በመዘግየት አልፏል፤ የሥራ ሰዓት ገደባቸውም እየተቃረበ ነበር። ካፒቴኑ የመነሻ ፈቃድ ሳያገኙ መንደርደር ሲጀምሩ፣ የበረራ መሐንዲሱ የፓን አም አውሮፕላን ከሜዳው ወጥቶ እንደሆነ ጠየቀ። ካፒቴኑ በእርግጠኝነት መውጣቱን መለሱ። መሐንዲሱ ጥያቄውን አልደገመም።

ያ ሰው ፈሪ አልነበረም። ትክክለኛውን ጥያቄ በትክክለኛው ሰዓት አንስቷል፤ ነገር ግን የታላቁ ሰው እርግጠኝነት የራሱን ጥርጣሬ ዋጠበት። እኛም ታላቅን አክብረን ያደግን ነን፤ «ጋሼ» የምንለውን ሰው በሰው ፊት ማረም ነውር ይመስለናል። አክብሮቱ እንዲቀር አልመክርም፤ እኔም በእሱ ያደግኩ ነኝ። ይልቅ አክብሮቱን ሳትጥሉ የምትናገሩበትን ቃል አስቀድማችሁ አዘጋጁ። «ጋሼ፣ ከመግጠማችን በፊት ቁጥሩን ካታሎጉ ላይ ላመሳክርልዎ» ማለት ማንንም አያዋርድም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እርግጠኛ ስላልሆንኩ መፈረም አልችልም» ማለትም እንዲሁ ነው። እነዚህን ቃላት ቀደም ብላችሁ ካልተለማመዳችኋቸው በሚያስፈልጉበት ደቂቃ ከአፋችሁ አይወጡም። ተቆጥተው የሚመልሱላችሁ አይጠፉም። ያን ጊዜ ሥራውን አቁማችሁ ወደሚቀጥለው ኃላፊ ሂዱ።

ከቴነሪፍ በኋላ አብራሪዎችና ተቆጣጣሪዎች ሌላ ንግግር እንደ መነሻ ፈቃድ እንዳይወሰድ «መነሣት» የሚለውን ቃል ፈቃዱ በሚሰጥበትና በሚሰረዝበት ጊዜ ብቻ እንዲጠቀሙበት ተደረገ፤ ታናሹ የበረራ ሠራተኛ እንዲናገር፣ ታላቁም እንዲሰማ የሚያሠለጥን ትምህርትም በአየር መንገዶች ተስፋፋ። ይህ ሥልጠና ኋላ ወደ ጥገናውም መጥቷል። ካናዳ ውስጥ ጎርደን ዱፖንት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ባዘጋጁት የአሥራ ሁለት የስህተት ምክንያቶች ዝርዝር ውስጥ ድካምና የጊዜ ጫና እንዳሉ ሁሉ፣ በራስ መተማመን ያመጣው ቸልተኝነትና ሐሳብን ደፍሮ አለመናገርም ተካተዋል። ዝርዝሩን በቃል መያዝ ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዓይናችሁ ሊከደን ሲል፣ አውሮፕላኑም ለማለዳ በረራ ሲጠበቅ ማስታወሱ ነው።

ስለዚህ ጥቂት ልማዶችን ከአሁኑ ያዙ። መቶ ጊዜ የሠራችሁትን ሥራ ስትሠሩ ማንዋሉን ገልጣችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ። ሥራ ላይ ሳላችሁ ስልክ ወይም ሰው ካቋረጣችሁ፣ ከቆማችሁበት አትቀጥሉ፤ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ጀምሩ። ያላያችሁትን ሥራ አትፈርሙ፤ የቅርብ ጓደኛችሁ ሠርቶት ቢሆንም። አንድ አቋራጭ ተጠቅማችሁ ነገሩ በሰላም ካለፈ፣ እፎይ ከማለት ይልቅ ለፈረቃ ኃላፊያችሁ ንገሩት፤ መመሪያው አስቸጋሪ ሆኖ ከሆነም እንዲስተካከል በጽሑፍ ጠይቁ፤ ሰው የሚሸሸው መመሪያ ብዙ ጊዜ ራሱም ጉድለት አለበት።

እናንተም አንድ ቀን ጋሼ ትባላላችሁ። ያን ጊዜ ወጣቶች በሥራችሁ ላይ ጥያቄ ማንሳት ካቆሙ፣ አዋቂ ስለሆናችሁ ነው ብላችሁ አትለፉት። አንዱን ጠርታችሁ «ና፣ የሠራሁትን እይልኝ» በሉት፤ የተፈታው ብሎን ከካታሎጉ ቁጥር ጋር መስማማቱንም በእናንተ ፊት ያመሳክር።