ፍሮንት ኤንዱን ዲኤምዜድ ውስጥ ላስቀምጠው ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ሠራተኞች ከውጭ ሆነው በዌብሜይል እንዲገቡ ሁለት ፍሮንት ኤንድ (የተጠቃሚውን ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚያስተላልፍ) የኤክስቼንጅ፣ ማለትም የማይክሮሶፍት የኢሜይል ሲስተም፣ ሰርቨር ለብቻ ልትከል ነው፣ ዲኤምዜድ (በኢንተርኔትና በውስጥ ኔትወርኩ መካከል ያለው ክልል) ውስጥ ይሁኑ ወይስ ውስጥ ኔትወርኩ ላይ የሚል ነው። መልሴ ቁርጥ ያለ ነው። ኤክስቼንጅ የተጫነበትን ሰርቨር ዲኤምዜድ ውስጥ አታስገባ።

በኤክስቼንጅ 2003 ጊዜ እኛ አስገብተነው ነበር። ከኢንተርኔት የሚከፈተው ፖርት 443 (የኤችቲቲፒኤስ በር) ብቻ ስለሆነ አስተማማኝ መስሎን ነበር። ችግሩ የመጣው ከውስጥ በኩል ነው። ፍሮንት ኤንዱ የዶሜን አባል ስለሆነ ያለ አክቲቭ ዳይሬክተሪ (የድርጅቱ የተጠቃሚዎችና የኮምፒውተሮች ማውጫ) አይሠራም። ስለዚህ ከእሱ ጋር ለመገናኘት በውስጡ ፋየርዎል ላይ ፖርቶች፣ ለኤልዳፕ 389፣ ለግሎባል ካታሎግ 3268፣ ለከርበሮስ 88፣ ለዲኤንኤስ 53 ክፈቱ ተባለ፣ ከዚያ ደግሞ 135 መጣ፣ አንዱን ከፍተን አንድ ቀን ሳይቆይ ሌላ ይጠየቃል። መጨረሻ ላይ የውስጡ ፋየርዎል ወንፊት ሆነ። ያንን ሰርቨር የሰበረ ሰው እስከ ዶሜን ኮንትሮለሩ (ማውጫውን የያዘው ሰርቨር) ድረስ መንገዱ ተጠርጎ ይጠብቀዋል ማለት ነው። በዚያ ላይ ከፍሮንት ኤንዱ ወደ ባክ ኤንዱ (ሜይልቦክሶቹ ያሉበት ሰርቨር) የሚሄደው ትራፊክ በፖርት 80 ያለ ኤስኤስኤል፣ ማለትም ሳይመሰጠር፣ ነበር፤ እሱን ለመሸፈን አይፒሴክ (በኔትወርክ ደረጃ የሚያመሰጥር ዘዴ) ማዋቀር ግድ ሆነብን።

ያዳነን ሪቨርስ ፕሮክሲ (ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ ለውስጡ ሰርቨር የሚያስተላልፍ) ነው። ዲኤምዜድ ውስጥ የዶሜን አባል ያልሆነ ፕሮክሲ ታስቀምጣለህ፣ እሱ ወደ ውስጥ የሚያልፈው በ443 ብቻ ነው። ኤክስቼንጁ ከዶሜን ኮንትሮለሮቹ ጋር ውስጥ ይቀመጣል። ማይክሮሶፍትም ከኤክስቼንጅ 2007 ጀምሮ የክላየንት አክሰስ ሰርቨሩን (ፍሮንት ኤንዱን የተካውን) ዲኤምዜድ ውስጥ ማስቀመጥን አይደግፍም።

ቨርዥንህን አልነገርከንም፣ እሱ ወሳኝ ነው። ከኤክስቼንጅ 2016 ወዲህ ክላየንት አክሰስ ለብቻው የሚጫን ሮል (የሰርቨር የሥራ ድርሻ) አይደለም፣ ከሜይልቦክሱ ጋር ተዋህዷል። ስለዚህ ሁለት እኩል የሜይልቦክስ ሰርቨሮች ትተክልና ፊታቸው ላይ ሎድ ባላንሰር (ጥያቄውን ለሰርቨሮቹ የሚያከፋፍል) ታደርጋለህ። 2016 ወይም 2019 ላይ ከሆንክ ግን መጀመሪያ ወደ ሰብስክሪፕሽን ኤዲሽን (አዲሱ የኤክስቼንጅ ቨርዥን) ማሻገሩን አስብ፣ የሁለቱም ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

ሎድ ባላንሰሩ ላይ ስህተት ሠርተን ስለምናውቅ ልንገርህ። ሰርቨሩ ደህና መሆኑን በፒንግ ነበር የምናጣራው። አንድ ጠዋት የአንዱ ሰርቨር የዌብሜይል አፕሊኬሽን ፑል (ዌብሜይሉን የሚያሠራው ፕሮሰስ) ቆመ፣ ማሽኑ ግን ለፒንግ መልስ መስጠቱን ቀጠለ። ግማሹ ሠራተኛ ይገባል፣ ግማሹ ስህተት ያያል፣ እኛ ደግሞ ፓስዎርድ ስንቀይርላቸው አረፈድን! ከኤክስቼንጅ 2013 ወዲህ ዌብሜይሉ የራሱ የሄልዝቼክ (የጤንነት ማጣሪያ) ገጽ አለው። እሱ 200 (ደህና ነኝ የሚል ኮድ) ካልመለሰ ሎድ ባላንሰሩ ሰርቨሩን ከዙር ያውጣው።

ሰርተፊኬት ስትቀይርም ተጠንቀቅ። በኤክስቼንጁ አይአይኤስ (የዊንዶውስ ዌብ ሰርቨር) ውስጥ ሁለት ሳይት አለ፣ የፊተኛው በ443፣ የኋለኛው በ444። ሰው የድሮውን ሰርተፊኬት ሲሰርዝ የ444ቱ ባይንዲንግ (ፖርቱን ከሰርተፊኬት ጋር የሚያስተሳስረው ቅንብር) ባዶ ሊቀር ይችላል። ተጠቃሚው ፓስዎርዱን ያስገባል፣ ከዚያ ነጭ ገጽ ይመጣል፣ ሌላ ምንም የለም። ይህን ካየህ ሌላውን ሁሉ ትተህ መጀመሪያ ያንን ባይንዲንግ እይ።

ኤክስቴንድድ ፕሮቴክሽን (መግቢያውን ከተመሰጠረው ግንኙነት ጋር የሚያስተሳስር የኤክስቼንጅ ጥበቃ) ከተከፈተ ኤስኤስኤሉን ሎድ ባላንሰሩ ላይ ፈትተህ በባዶው መላክ አይሠራም። እንደገና ተመስጥሮ ይሂድ፣ ሎድ ባላንሰሩና ሰርቨሮቹም አንድ ዓይነት ሰርተፊኬት ይያዙ። የአድሚን ገጹን ደግሞ ፕሮክሲው ላይ ከውጭ ዝጋው። እስቲ ቨርዥኑንና ስንት ሜይልቦክስ እንዳለህ ጻፍልን፣ የሰርቨሮቹን መጠን አብረን እናስላው።