እናቴ መንገድ እየጠፋባት ነው፤ ጂፒኤስ ያለው ሰዓት እንግዛላት?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 72 ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት አልዛይመር እንደጀመራት ተነገረን። ቤት ውስጥ ደህና ናት፤ ታበስላለች፣ ትጫወታለች። በቅርቡ ግን ሁለት ጊዜ ወጥታ መመለሻው ጠፋባት። የደም ግፊት መድኃኒቷንም አንዳንዴ ትረሳለች። ወንድሜ ያለችበትን ቦታ የሚያሳይ፣ መድኃኒት የሚያስታውስና ስትወድቅ የሚደውል ሰዓት እንግዛላት ይላል። እህቴ ደግሞ “እንደ እስረኛ ልንከታተላት ነው?” ብላ ተቆጣች። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ግዙላቸው። ግን ሦስቱንም ሥራ እኩል ይሠራል ብላችሁ አትጠብቁ። ቦታ በመጠቆም ጎበዝ ነው። መውደቅን አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ ያልፈዋል። መድኃኒቱን ግን ለሰዓቱ ብቻ አትተዉለት።

ሰዓቱ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ነው። ያንን ወደ ስልካችሁ የሚልከው ደግሞ በሞባይል ኔትወርክ ነው። ስለዚህ የራሱ ሲም ካርድና ኢንተርኔት ያለው ይሁን። አንዳንድ ሰዓቶች የሚሠሩት ከባለቤቱ ስልክ ጋር በብሉቱዝ ሲገናኙ ብቻ ነው። እናትዎ ስልካቸውን ቤት ጥለው ከወጡ እንዲህ ያለው ሰዓት ጌጥ ነው። ደጅ ላይ ጂፒኤስ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ይጠቁማል፤ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ከገቡ ግን ይዛባል። በቤቱ ዙሪያ ክልል አስምራችሁ፣ ከዚያ ሲያልፉ ስልካችሁ ላይ መልእክት እንዲመጣ ማድረግም ይቻላል።

እንደ ኤርታግ ያሉትን ትንንሽ መፈለጊያዎች ግን ለዚህ ሥራ አልመክርም። የራሳቸው ጂፒኤስ የላቸውም። ቦታቸው የሚታወቀው የሌላ ሰው ስልክ በአጠገባቸው ሲያልፍ ነው። የተሠሩትም ለቁልፍና ለቦርሳ ነው። ሰው በማያልፍበት መንገድ ላይ ዝም ይላሉ።

እኔ የማያቸው ቤተሰቦች ብዙ ጊዜ የሚቸገሩት በባትሪ ነው። አብዛኞቹ ስማርት ሰዓቶች በየቀኑ ቻርጅ ይፈልጋሉ። ሌሊት ቻርጅ ላይ ያደረ ሰዓት ጠዋት ተረስቶ እዚያው ይውላል፤ ሰው የሚጠፋውም ያን ቀን ነው! ቻርጁን እናትዎ ከሰው ጋር በሚሆኑበት ሰዓት አድርጉት፤ ለምሳሌ ሲታጠቡ ወይም ምሳ ሲበሉ። ኃላፊነቱም የአንድ ሰው ይሁን፤ የሁላችንም ነው ከተባለ የማንም አይሆንም። በዚያ ላይ ስምና የእናንተ ስልክ ቁጥር የተቀረጸበት ተራ አምባር ይጨመርላቸው። ባትሪ አይፈልግም፣ መንገድ ላይ ያገኛቸው ማንም ሰው ያነበዋል።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ፣ ማስታወሻ ድምፅ የሚረዳቸው ሰዎች እንዳሉ በጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ አገር በታተመ ጥናት የማስታወስ ችግር ላለባቸው 143 ሰዎች ፔጀር (መልእክት ሲደርሰው የሚጮህ ትንሽ መሣሪያ) ተሰጥቶ ነበር። ሙከራውን ከጨረሱት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት የዕለት ተግባራቸውን በተሻለ ሁኔታ መፈጸም ችለዋል። ነገር ግን አብዛኞቹ የአንጎል ጉዳት የደረሰባቸው እንጂ እየጨመረ የሚሄድ ሕመም ያለባቸው አልነበሩም። እናትዎ ደግሞ ሰዓቱ ሲጮህ ይሰሙ ይሆናል፣ ወደ መድኃኒቱ እየሄዱ ግን ለምን እንደተነሱ ሊጠፋባቸው ይችላል። ይባስ ብሎ ውጠው ይረሱና ሰዓቱ ሲደግም ሁለተኛ ይውጣሉ። ሰዓቱ ሰዓት እንደደረሰ ያውቃል እንጂ መድኃኒቱ መዋጡን አያውቅም። የግፊት መድኃኒት ሲደረብ ደግሞ ግፊትን ከልክ በላይ አውርዶ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ በየቀኑ የተከፋፈለ የመድኃኒት ሳጥን ተጠቀሙ፤ የቀረውን ሌላ ቦታ ቆልፉበት። ከሐኪማቸውም ጋር ተነጋገሩ፤ ቀን ላይ የተበታተኑትን መድኃኒቶች ሰው ቤት በሚኖርበት አንድ ሰዓት ላይ መሰብሰብ ይቻል ይሆናል።

የመውደቅ ሴንሰሩ ድንገተኛ እንቅስቃሴንና ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጸጥታ ነው የሚያነበው። ዘጭ ብሎ መውደቅን ይይዛል። ግድግዳ ተደግፎ ቀስ ብሎ መንሸራተትን ግን ሊያልፈው ይችላል፤ ጠረጴዛ በእጅ ሲመታም በከንቱ ሊደውል ይችላል። ካለ ጥሩ ነው፤ ለእሱ ብላችሁ ግን ብዙ ገንዘብ አትጨምሩ።

የእህትዎ ቁጣ ተገቢ ነው፣ አታጣጥሉት። ደግነቱ ጊዜው አላለፈም። እናትዎ ገና ነገር ይገባቸዋል፤ ስለዚህ ሰዓቱን አሳይታችሁ ጠይቋቸው። “ብጠፋ እንድታገኙኝ ነው” ብለው ከተስማሙ ጉዳዩ ክትትል መሆኑ ይቀርና የራሳቸው ምርጫ ይሆናል። ማን ቦታቸውን እንደሚያይም አብራችሁ ወስኑ። ዘመድ ሁሉ አፑን ማውረድ የለበትም። አሁን መጀመሩ ሌላም ጥቅም አለው። በአልዛይመር አዲስ ወሬ ቶሎ ይጠፋል፤ በድግግሞሽ የሚመጣ የእጅ ልማድ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ዛሬ ሰዓት ማሰር የለመደ እጅ ከሁለት ዓመት በኋላም አያወልቀው ይሆናል። ድሮ የሚያስሩትን የሚመስል ሰዓት ከተገኘማ እሰየው።

መሣሪያው በሽታውን እንደማያዘገይ፣ ብቻውንም ሰውን በቤቱ እንደማያቆይ ግን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝ በታተመ ጥናት የመርሳት በሽታ ያለባቸው 495 ሰዎች ለሁለት ዓመት ያህል ክትትል ተደርጎላቸዋል። የተሟላ የቴክኖሎጂ ድጋፍ ያገኙት፣ መሠረታዊውን ብቻ ካገኙት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ በቤታቸው አልቆዩም። ሰዓቱ ሲጮህ ተነስቶ የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል።

በተረፈ፣ መርሳቱ በቀናት ውስጥ ድንገት ከባሰ ሰዓት ሳይሆን ሐኪም ነው የሚያስፈልገው። የሽንት ኢንፌክሽን፣ አዲስ የእንቅልፍ ወይም የአለርጂ መድኃኒት፣ ጭንቅላትን መመታት ሊሆን ይችላል። የቫይታሚን ቢ12 እና የታይሮይድ ምርመራ ካልተደረገላቸው ይደረግ፤ የመስማት ችሎታቸውም ይታይ። የልብ ምት ማስተካከያ የተገጠመላቸው ከሆነ፣ የሰዓቱ ማሰሪያና ቻርጀር ማግኔት ሊኖራቸው ስለሚችል ከመግዛታችሁ በፊት የልብ ሐኪማቸውን ጠይቁ።

ሰዓቱ እጃቸው ላይ ኖረም አልኖረም፣ ከጠፉ ወዲያውኑ ቤቱንና አካባቢውን ፈልጉ። 15 ደቂቃ አልፎ ካላገኛችኋቸው ለፖሊስ ደውሉ፤ ሲደውሉም የመርሳት በሽታ እንዳለባቸው ይናገሩ። በቅርብ ጊዜ የተነሱት ጥርት ያለ ፎቶ ከአሁኑ በሁላችሁም ስልክ ላይ ይቀመጥ።